ማመልከቻችሁን በየት በኩል ትልኩታላችሁ? ቴሌግራም፣ የሥራ ድረ ገጽ፣ ፖርታል፣ ኢሜይል እና ሊንክዲን ሲነጻጸሩ

አንድ የጀማሪ አካውንታንት ክፍት የሥራ ቦታ ዛሬ ጠዋት ወጣ እንበል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አምስት የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ተለጥፏል። የሥራ ድረ ገጽ ላይም አለ፣ የድርጅቱ ሊንክዲን ላይም አለ። ከታች ደግሞ «ማስረጃችሁን በኢሜይል መላክ ትችላላችሁ» ይላል። ብዙ ሰው ታዲያ በሁሉም ይልካል። ያችኑ አንዷን ሲቪ፣ ያችኑ አንዷን ደብዳቤ። ከዚያ ዝም ይባላል።

እያንዳንዱ መንገድ ጫፍ ላይ የተለየ አንባቢ አለ። አንዱ ጋ ስልኩን እየነካካ የሚያነብ የሱቅ ባለቤት ነው። ሌላው ጋ በጂፒኤና በልምድ ዓመት የሚያጣራ የኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ሠራተኛ ነው፤ ወይም ቃላት የሚቆጥር ሶፍትዌር። ለአንዱ የተጻፈ ማመልከቻ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን እንምረጥ፣ ከዚያ ለመንገዱ የሚሆነውን እንጻፍ።

በምን እንመዝናቸው?

አምስት ነገሮችን አያለሁ። ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚከፍተው ማነው? ስለራሴ ለመናገር ምን ያህል ቦታ አገኛለሁ? መድረሱን በምን አውቃለሁ? በስልክና በትንሽ ዳታ ይሠራል ወይስ ኮምፒውተር ይፈልጋል? ለአጭበርባሪስ ምን ያህል በሩ ክፍት ነው?

ፍጥነትን ሆን ብዬ ከመለኪያዎቹ አስወጥቼዋለሁ። ከቴሌግራም በስተቀር ሌሎቹ ጋ ማመልከቻው የሚታየው ብዙውን ጊዜ ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ቀን መላክ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም።

ቴሌግራም

አገር ውስጥ ላለ ጀማሪ ዋናው የሥራ ገበያ ቴሌግራም ሆኗል። ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማስታወቂያ ብቻ የሚለጥፍ ቻናል ነው። ሌላው እንደ አፍሪዎርክ በቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ ራሱ በሚመልስ ፕሮግራም፣ የሚሠራ ነው፤ እዚያው ትመዘገባላችሁ፣ እዚያው ታመለክታላችሁ።

ለመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው። ቻናሉን ለወሬ ተጠቀሙበት፣ ማመልከቻውን ግን ምንጩ ጋ ሄዳችሁ አስገቡ። ማስታወቂያው ከቻናል ቻናል ሲገለበጥ የመጨረሻው ቀን ይቆረጣል፣ ኢሜይሉ ላይ አንድ ፊደል ይወድቃል፣ ቀኑ ያለፈበትም እንደ አዲስ ይለጠፋል።

በቦት ስትልኩ አንባቢያችሁ ብዙ ጊዜ የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ ነው። ስልኩ ላይ፣ ምናልባትም ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ነው የሚያነበው። አራት ወይም አምስት መስመር ይበቃዋል። ብዙው ሰው ግን መስመሮቹን እንዲህ ያባክናቸዋል፦

«ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምወድ እና ጫናን ተቋቁሜ መሥራት የምችል ባለሙያ ነኝ። ዕድሉ ቢሰጠኝ ድርጅቱን በቅንነት አገለግላለሁ።»

ይህን ለዘበኛም፣ ለነርስም፣ ለባንክ ፕሬዚዳንትም መላክ ይቻላል። ሥራው ላይ ምን እንደምትሠሩ አንድም ቃል የለበትም። ከዚህ ጋር አስተያዩት፦

«በሐምሌ 2014 በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት መርካቶ በሚገኝ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ድርጅት የዕለት ሽያጭ መዝግቤያለሁ፣ የየወሩን ቫት አዘጋጅቻለሁ፣ የባንክ ሂሳብ አስታርቄያለሁ። የሠራሁት በፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። የምኖረው ሳሪስ ስለሆነ ለቢሯችሁ ቅርብ ነኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር እችላለሁ።»

የሰፈር ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ትራንስፖርቱን የሚያውቅ ቀጣሪ ግን ልብ ይለዋል፤ ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት የት እንደሚቆም ያውቃላ።

ፍጥነት የሚጠቅመው እዚህ ነው። ባለቤቱ የሚሆነውን ሰው ካገኘ የመጨረሻውን ቀን አይጠብቅም።

አጭበርባሪ የሚበዛውም እዚህ ነው። «ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና»፣ «ለዩኒፎርም» እየተባለ በቴሌብር ብር ላኩ ከተባላችሁ ነገሩ እዚያው ያብቃ። የፋይዳ ቁጥርና የባንክ ደብተር ፎቶም ከቃለ መጠይቅ በፊት አይላክም። አንድ ነገር ግን አታምታቱ፤ ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለንብረት ክፍል ሥራ ዋስ መጠየቅ በአገራችን የተለመደ ነው። ልዩነቱ ዋስ የሚጠየቀው ካለፋችሁ በኋላ መሆኑ ነው። ዋሱ ደግሞ ሰው እንጂ የምታስገቡት ብር አይደለም።

የሥራ ድረ ገጾች

እንደ ኢትዮጆብስ ያሉት ድረ ገጾች ላይ አንዴ ፕሮፋይል ትሞላላችሁ፣ ከዚያ በጥቂት ክሊክ ታመለክታላችሁ። ምቾቱ እዚህ ላይ ነው፣ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የሠራችሁት ስህተት ከየማመልከቻው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ትልቁ ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው። ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተሠራው። በሐምሌ 2014 የተመረቀ ሰው 2014 ብሎ ከሞላ፣ ለሚያነበው ሰው ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይሆናል። ያኔ «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ነበር?» ይባላል። ወይም ደግሞ ለጀማሪ የተመደበ ቦታ ላይ ከተፈቀደው ዓመት በላይ ሆናችሁ ትወድቃላችሁ። ትክክለኛው ሐምሌ 2022 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ባሉት ወራት ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ጳጉሜን እስኪያልቅ ስምንት ዓመት ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ እያንዳንዱን ቀን ቁጭ ብላችሁ ቀይሩት፣ በግምት አትሙሉ።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፣ እኛ የለንም። አንዱ ቦታ የአባት፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም ከሞላችሁ ለአሠሪው ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። የእንግሊዝኛ አጻጻፉንም በቴምፖው (በጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃው)፣ በመታወቂያውና በሲቪው ላይ አንድ አድርጉት። ፓስፖርት ካላችሁ በፓስፖርቱ ሂዱ።

መድረሱን በተመለከተ ድረ ገጾቹ ከቴሌግራም ቻናል ይሻላሉ፤ ያመለከታችሁበት ዝርዝር አካውንታችሁ ላይ ይቀመጣል። ሆኖም አንዳንዱ ማስታወቂያ ከታች «በድርጅቱ ኢሜይል ላኩ» ይላል። ሳያነቡ ክሊክ ማድረግ እዚህ ጋ ያስቀጣል።

የድርጅቱ የራሱ ፖርታል

ባንኮች፣ ቴሌኮሞች፣ አየር መንገድ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ማመልከቻ ገጽ አላቸው። የሞላችሁት ነገር ወደ ሰንጠረዥ ይገባል፣ ሰንጠረዡ ይጣራል። ሰው ሲቪያችሁን የሚከፍተው ከማጣሪያው ካለፋችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ ቦታ ቆንጆ አጻጻፍ ብዙ አያግዝም። የማስታወቂያውን ቃል ማስገባት ነው የሚያግዘው።

ፒችትሪን እንውሰድ። ሶፍትዌሩ ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ማስታወቂያው ግን ዛሬም «ፒችትሪ» ይላል። እናንተ ዘመናዊ ልሁን ብላችሁ «ሴጅ 50» ብቻ ብትሉ ፒችትሪ ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኛችሁም። ሁለቱንም ጻፉ። ማስታወቂያው «የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ» ካለ እናንተም «የፋይናንስ ሥራዎች» ብላችሁ አታድበስብሱት።

ከካንቫ የሚወጡት ባለ ሁለት ዓምድ፣ ባለ ቀለም፣ «ኤክሴል 85 በመቶ» የሚል ባር ያላቸው ሲቪዎችም እዚህ ይጎዳሉ። ሶፍትዌር ሲያነባቸው የግራውና የቀኙ ዓምድ ይደባለቃል። ባሩ ደግሞ ለሰውም ምንም አይናገርም፤ 85 በመቶ ከምኑ? ነጭ ወረቀት፣ አንድ ዓምድ፣ ግልጽ ርዕስ በቂ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ሴክሬታሪያት፣ አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጨምሮ፣ ኢንስፒራ በሚባል ፖርታል ነው የሚቀጥረው። የሚታየው እዚያው ላይ የሞላችሁት የግል ታሪክ ቅጽ ነው፤ ሲቪያችሁ የፈለገውን ያህል ቢያምር አያግዛችሁም። ቅጹን በእርጋታ ለመሙላት ሁለት ሦስት ማታ መድቡ። ማመልከቻው የሚዘጋው በኒውዮርክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው። ለእኛ ይህ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ በነሱ የብርድ ወራት ደግሞ 2 ሰዓት ገደማ። ያም ሆኖ የመጨረሻዋን ማታ አትጠብቁ፤ መብራትና ኔትወርክ ቀጠሮ አያውቁም። ድርጅቱ በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ክፍያ እንደማይጠይቅ በማስታወቂያዎቹ ላይ ይጽፋል። «በዩኤን አስገባችኋለሁ» የሚል ደላላ ከገጠማችሁ ይህን አስታውሱ።

ለፖርታል ሁሉ የሚሆን አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ረጃጅሞቹን መልሶች መጀመሪያ ወርድ ላይ ወይም ስልካችሁ ኖት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ገልብጡ። ገጹ በመሃል ዘግቶ ሲያስወጣችሁ ያኔ ታመሰግኑኛላችሁ።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ዋናው መንገድ ይሄ ፖርታል ነው። እዚህ አገር ሲቪ ላይ የምንደረድራቸውን የጋብቻ ሁኔታ፣ ዕድሜና ሃይማኖት አውጡ። አሜሪካ ውስጥ ፎቶም አይለጠፍም። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ግን ፎቶና ዜግነት መጻፍ እስካሁን የተለመደ ነው።

ኢሜይል

ማስታወቂያው ኢሜይልን እንደ አማራጭ ከሰጠ እኔ ብሆን በኢሜይል እልካለሁ። ሰው ነው የሚከፍተው። የምትጽፉበት ቦታም ሰፊ ነው። የተላኩት በሚቀመጡበት «ሴንት» ውስጥ ደግሞ ቀንና ሰዓቱ ቁጭ ብሏል። ችግሩ በኢሜይል የሚበላሸው ነገር መብዛቱ ነው።

ከርዕሱ እንጀምር። «ሲቪ» ብቻ የሚል ወይም ባዶ ርዕስ ያለው ኢሜይል ሌላው ሁሉ መካከል ይጠፋል። እንዲህ ይሁን፦ «ማመልከቻ፣ ጀማሪ አካውንታንት፣ የማስታወቂያ ቁጥር 07፣ ስምና የአባት ስም»። ቁጥሩን የምታገኙት ከማስታወቂያው ነው። ድርጅቱ በዚያው ሳምንት አራት ቦታ አውጥቶ ሊሆን ይችላል።

የኢሜይሉ አካል ራሱ ደብዳቤያችሁ ነው። «እባክዎ የተያያዘውን ይመልከቱ» ብሎ ባዶ መላክ ቦታውን መጣል ነው። ሦስት አጭር አንቀጽ ይበቃል። የትኛውን ቦታ እንደምትፈልጉና ከየት እንዳያችሁት፤ ማስታወቂያው ከጠየቃቸው ነገሮች ሁለቱን መቼና የት እንደሠራችኋቸው፤ ስልካችሁና መቼ መጀመር እንደምትችሉ። ልምድ ከሌላችሁ መካከለኛውን አንቀጽ በአፓረንትሺፕ (በተማሪነት የሥራ ልምምድ) ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ ሙሉት። ግን «አፓረንት ወጥቻለሁ» ብቻ አይበቃም። እዚያ ምን አስነኳችሁ? ደረሰኝ አስደረደሯችሁ? የደሞዝ ሊስት አሠሯችሁ? እሱን ጻፉ።

ቻትጂፒቲ ማገዝ ይችላል፣ በተለይ እንግሊዝኛውን ለማቃናት። ሙሉ ደብዳቤውን ካስጻፋችሁት ግን ከእናንተ በፊትና በኋላ የገባው ሰውም አስጽፎታል፤ የአንዱን ስም አውጥቶ የሌላውን ማስገባት ይቻላል። የራሳችሁን ጥሬ ሐሳብ ጻፉና አስተካክልልኝ በሉት።

አሁን ወደ ፋይሉ። አማርኛ ሲቪ በፓወር ግዕዝ ወይም በሌላ የድሮ ፎንት ተጽፎ በወርድ ከተላከ፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ይሆናል። ላኪው ጋ ቆንጆ ነው፣ ተቀባዩ ጋ የማይነበብ። ኤችአሯ ደግሞ ደውላ «ፎንቱ እምቢ አለኝ» አትላችሁም፣ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ጻፉ፣ በመጨረሻም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ማስታወቂያው በግልጽ ወርድ ካልጠየቀ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ።

ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒና የልምድ ደብዳቤ ከሆነ በአንድ ፒዲኤፍ ተሰብስቦ ይላክ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በስልክ ፎቶ ያነሳችኋቸው፣ ጣትና የሻይ ብርጭቆ የሚታይባቸው ስምንት ምስሎች ጥሩ አይደሉም። ካምስካነርን የመሰለ አፕ በነጻ ያስተካክለዋል። መጠኑንም እዩት፤ ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም፣ የአንዳንድ ድርጅት ሳጥን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከአምስት ሜጋባይት በታች ከሆነ ችግር የለውም። የፋይሉ ስም ስማችሁ ይሁን። «የመጨረሻ አዲሱ 3» የሚል ፋይል ኤችአሯ ጋ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ኢንተርኔት ቤት የምታጽፉ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኢሜይል አካውንቱን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ፓስወርዱም እናንተ ጋ ይሁን። ጸሐፊው በራሱ ስልክ ከከፈተላችሁ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ የሚያውቀው እሱ ነው። ያስተየባችሁትንም አንብቡ፤ ከእናንተ በፊት ከነበረው ደንበኛ ሲቪ የቀረ አንድ መስመር አይጠፋም።

ሊንክዲን እና ጎግል ፎርም

ሊንክዲን ለጀማሪ አካውንታንት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ለሶፍትዌር ሰው፣ ለኤንጂኦ ባለሙያ እና ከአገር ውጭ ሆኖ በርቀት ለሚሠራ ግን ዋና ሜዳ ነው። «ኢዚ አፕላይ» የሚለው ቁልፍ ቀላል ነው፣ ለሁሉም ሰው ቀላል መሆኑ ነው ጣጣው። ቁልፉን ከመጫን ይልቅ ማስታወቂያውን ላወጣው ሰው ሁለት መስመር መጻፍ ያዋጣል። ፕሮፋይሉና ሲቪው ላይ ያሉት ቀኖችም ይስማሙ፤ ያያችሁ ሰው ማነጻጸሩ አይቀርም።

ጎግል ፎርም አነስተኛ ድርጅቶችና ፕሮጀክቶች ይወዱታል። ፋይል የሚያስጭን ከሆነ በጂሜይል መግባት ግድ ነው። ቅጂ ካልላከላችሁ የመጨረሻውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ፤ ሌላ ማስረጃ አይኖራችሁም። ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ ሊሠራው ስለሚችል ደግሞ ሊንኩ በድርጅቱ በራሱ ገጽ ላይ መኖሩን እዩ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | መጀመሪያ የሚያየው | የመናገሪያ ቦታ | መድረሱን ማወቅ | የሚያስፈልገው | የማጭበርበር ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| የቴሌግራም ቦት | ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ | አራት አምስት መስመር | መካከለኛ | ስልክ፣ ትንሽ ዳታ | ከፍተኛ |
| የሥራ ድረ ገጽ | ኤችአር፣ በማጣሪያ | ፕሮፋይልና አጭር ደብዳቤ | ጥሩ | ለመጀመሪያ ቀን ኮምፒውተር ይመረጣል | አነስተኛ |
| የድርጅት ፖርታል | ማጣሪያ፣ ከዚያ ሰው | በቅጹ ልክ | በጣም ጥሩ | ኮምፒውተር፣ የማይቋረጥ ኔትወርክ | በጣም አነስተኛ |
| ኢሜይል | ሰው | ሰፊ | የራሳችሁ «ሴንት» | ስልክ ይበቃል፣ ፒዲኤፍ መሥራት ይጠይቃል | አድራሻውን ካጣራችሁ አነስተኛ |
| ሊንክዲን | ቀጣሪ ባለሙያ | ፕሮፋይልና መልእክት | ጥሩ | የተሟላ ፕሮፋይል | መካከለኛ |
| ጎግል ፎርም | ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው | በጥያቄው ልክ | ደካማ | ስልክ፣ ጂሜይል | መካከለኛ |

ለማን የቱ ይሻላል?

ገና የተመረቃችሁና ልምድ የሌላችሁ ከሆነ ቴሌግራም ቦትና ኢሜይል ላይ አተኩሩ። ትልልቅ ባንኮች ለአዲስ ተመራቂ ፖርታል ሲከፍቱ አታሳልፉ፤ ግን ስንት ሺህ ሰው እንደሚሞላው አስባችሁ በሱ ብቻ አትቀመጡ። የመውጫ ፈተና ማለፍን የሚጠይቅ ማስታወቂያ ከሆነ ውጤቱን ሲቪው ላይ ከዲግሪው ሥር አስገቡት።

ሦስት አራት ዓመት ልምድ ያላችሁ ድረ ገጾቹንና ፖርታሉን አስቀድሙ። የሚያጣራው ዓመት ነው፣ ዓመቱ ደግሞ አላችሁ። ሥራ ላይ ሆናችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ቴሌግራም ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ስም ያልጠቀሰ ማስታወቂያ የራሳችሁ አለቃ ያወጣው ሊሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ ውጭ ሆናችሁ ስልክ ብቻ ያላችሁ ወገኖች አንድ ቀን ወጪ አውጡና ኮምፒውተር ያለበት ቦታ ሂዱ። ሲቪውን በፒዲኤፍ፣ ማስረጃዎቹን በአንድ ፋይል አዘጋጁና ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ ከማስታወቂያው ጋር የሚሄዱ አምስት መስመሮች መጻፍ ነው፤ እሱን በስልክ ትጨርሱታላችሁ። ሲቪ ለሚጽፍ ሰው ብዙ ብር መክፈል አልመክርም። ብር ካለ እንግሊዝኛውን ለሚያርም አንድ የምታውቁት ሰው ምሳ ጋብዙበት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትፈልጉ ደግሞ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ኦንላይን የወጣ ማስታወቂያ ሁሉ ኦንላይን አይመዘገብም። «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዛችሁ በአካል» የሚል ካለ ኢሜይል መላክ ከንቱ ነው። «10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲልም ቅዳሜና እሁድ ይቆጠሩ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቀኑ ካለፈ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ መደወል ነውር የለውም፣ ማስታወቂያው «አይደወል» ካላለ በስተቀር። የቦታውን ስምና ቁጥሩን ይዛችሁ ደውሉ። «ነገ 8፡00 ለቃለ መጠይቅ እንድትገኙ» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ደግሞ የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ ሰዓት እዚያው ጠይቁ። አንዱ ቢሮ ከምሳ በኋላ ማለቱ ነው፣ ሌላው ጠዋት 2 ሰዓት።